ለአሮጌ ኮምፒውተር፦ ታይኒ ሲ ወይስ ቱርቦ ፓስካል?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ ጥገና ቤት አሮጌ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ሜሞሪው 256 ሜጋባይት ብቻ ነው። የእህቴን ልጅ ፕሮግራሚንግ ላስተምርበት አስቤ ነው። ትልልቆቹ ኮምፓይለሮች (የጻፍነውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚለውጡት) ስለሚከብዱት ሁለት ትንንሾችን ሞከርኩ።

ቱርቦ ፓስካል 3 የፓስካል ቋንቋ ኮምፓይለር ሲሆን፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣ የዶስ (የድሮው በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ስርዓተ ክወና) ፕሮግራም ነው። ኤዲተሩ (ኮዱ የሚጻፍበት ክፍል) እና ኮምፓይለሩ ተደምረው 40 ኪሎባይት አይሞሉም! ስህተት ሲያገኝ ጠቋሚውን እዚያው ስህተቱ ላይ ያቆምልሃል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ግን በቀጥታ አይነሳም።

ታይኒ ሲ የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ሲሆን የፕሮግራመሩ የፋብሪስ ቤላርድ ሥራ ነው። ኪውኢሙን (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስለውን) እና ኤፍኤፍኤምፔግን (ቪዲዮና ድምፅ የሚቀይረውን) የጀመረውም እሱ ነው። መጠኑ 100 ኪሎባይት ገደማ ሲሆን ኮምፓይለር፣ አሴምብለር (ወደ ማሽን ኮድ የሚለውጥ) እና ሊንከር (ክፍሎቹን አንድ ፕሮግራም አድርጎ የሚያገናኝ) በአንድ ላይ ይዟል። ኮዱን በአንድ ዙር ስለሚጨርስ በጣም ይፈጥናል። የሚወጣው ፕሮግራም ግን ከትልልቆቹ ኮምፓይለሮች አንዱ በሆነው በጂሲሲ ተመቻችቶ ከተሠራው ይዘገያል። ኤዲተርም የለውም፤ ለብቻው መፈለግ አለብህ። የወደድኩለት ነገር፣ ከፈለግህ ምንም ፋይል ሳይፈጥር ኮዱን እዚያው ያስኬድልሃል።

እኔ ታይኒ ሲን መረጥኩ። ሲ የሚያስተምረው ነገር ዛሬም በየቦታው ይሠራበታል። ደግሞ ሊኑክስ ላይ «ሰላም ደሴ» የሚለውን በራሳችን ፊደል ሲያወጣው የልጁ ፊት በራ። በፓስካሉ የዶስ ስክሪን ይህን ማድረግ አልቻልንም።

ዶስ ብቻ የሚያነሳ ማሽን ያለህ ግን ቱርቦን ያዝ። ታይኒ ሲ ለዚያ አልተሠራም።