ሣጥኑ ላይ 9,000 ሉመን፣ ግድግዳዬ ላይ 167፦ የአንድ አነስተኛ ፕሮጀክተር ግምገማ

የቤት ውስጥ መዝናኛ ዕቃዎችን እየፈተሽኩ መጻፍ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። የማንም ቋሚ ተቀጣሪ ስላልሆንኩ የሚከፈለኝ በጽሑፍ ነው፤ መፈተሻ ቦታዬም ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖርበት ሳሎን ነው። በእነዚህ ዓመታት ከአንባቢዎች ደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ፣ በየሱቁ የሚደረደሩት ትንንሽ ፕሮጀክተሮች ቴሌቪዥን ይተካሉ ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አዲስ ቤት የያዙ ባለትዳሮች ወይም ከደመወዛቸው ለወራት ያጠራቀሙ ወጣቶች ናቸው፤ ገንዘቡ አንዴ ከወጣ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ አንዱን ገዝቼ ሁለት ሳምንት ተኩል በየቀኑ ተጠቀምኩበት።

ዕቃውን በስሙ አልጠራውም፤ ምክንያቱም መርካቶ ውስጥ በአንድ ቀን ስዘዋወር ያንኑ ፕሮጀክተር፣ ያንኑ ሌንስና ያንኑ የርቀት መቆጣጠሪያ ይዞ፣ በአራት የተለያዩ ስሞች ተለጥፎበት አይቼዋለሁ። አንባቢ የሚለየው በባሕርዩ ነው፦ ነጭ ፕላስቲክ፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ አንድሮይድ የተጫነበት፣ ሣጥኑ ላይ "9,000 ሉመን" (ሉመን ዕቃው የሚያወጣው ብርሃን ጠቅላላ መጠን መለኪያ ነው) እና "4ኬ" የሚል በትልልቁ የታተመበት። የከፈልኩት 16,500 ብር ነው። ነጋዴው ሥራዬን ሲሰማ በነፃ ሊያውሰኝና በምላሹ መልካም መልካሙን እንድጽፍለት ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ግን ገዝቼ የማልፈትሸው ዕቃ ላይ እጄ በነፃነት አይጽፍም። ብርሃኑ በእርግጥ ስንት እንደሆነ ስጠይቀው፣ "እህቴ፣ ሣጥኑ ላይ ተጽፏል እኮ፤ ዘጠኝ ሺህ ነው" አለኝ። የዋሸኝ አይመስለኝም፤ እሱም ያነበበው እኔ ያነበብኩትን ነው።

የፕሮጀክተር ብርሃን የሚለካበት የታወቀ መንገድ አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው፣ ዛሬም "አንሲ ሉመን" የሚባለው አለካክ፣ ሙሉ ነጭ ምስል ግድግዳ ላይ ማሳረፍን፣ ምስሉን ዘጠኝ እኩል ክፍል ማድረግንና በየክፍሉ መሐል ያረፈውን ብርሃን መለካትን ይጠይቃል። የዘጠኙ አማካይ በምስሉ ስፋት ሲባዛ ፕሮጀክተሩ በእርግጥ የሚያወጣው ብርሃን ይገኛል። ሥራው የሚፈልገው ሜትር፣ እርሳስ፣ የብርሃን መለኪያና ትዕግሥት ብቻ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መጋረጃውን ዘግቼ፣ የሪሲቨሩን መብራት እንኳ በወረቀት ሸፍኜ፣ መለኪያው ዜሮ ማንበቡን ካረጋገጥኩ በኋላ ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.125 ሜትር የሆነ ምስል አሳረፍኩ። መሐሉ ላይ 98 ሉክስ ነበር፤ ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ሉመን እንዳረፈ ይነግረናል። ከመሐሉ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ 84፣ 80፣ 72 እና 76፤ አራቱ ማዕዘኖች ላይ ደግሞ 62፣ 60፣ 66 እና 68። አማካዩ 74 ሉክስ ነው፤ በ2.25 ካሬ ሜትር ሲባዛ 166.5 ሉመን ይሆናል። ሁለተኛውን ቀን ደግሜ ለካሁ፤ ልዩነቱ ከሁለት ሉመን አልበለጠም።

ሣጥኑ ላይ የታተመው ቁጥር ከዚህ ከሃምሳ እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች አንዳንድ ጊዜ ከሌንሱ የሚወጣውን ሳይሆን ውስጥ ያለው አምፖል ብቻውን ያመነጫል የሚባለውን ብርሃን ይነግሩናል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምንም ዓይነት ልኬት የላቸውም። ገዢ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ከቁጥሩ አጠገብ "አንሲ" ወይም "አይኤስኦ 21118" (ዓለም አቀፉ የፕሮጀክተር ደረጃ) የሚል ካልተጻፈ ቁጥሩን ከሌላ ፕሮጀክተር ቁጥር ጋር ማወዳደር እንደማይቻል ነው።

ይህ ሲባል ግን 167 ሉመን ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ነጭ ግድግዳ ላይ 74 ሉክስ ማለት ወደ ዓይን የሚመለሰው ብርሃን 24 ኒት (የምስል ድምቀት መለኪያ) ገደማ ነው ማለት ነው። ሲኒማ ቤቶች የሚሠሩበት ደረጃ 48 ኒት ስለሆነ፣ ይህ ፕሮጀክተር በ90 ኢንች ምስል የሲኒማውን ግማሽ ይሰጣል። ምስሉን ከ2 ሜትር ወርድ ወደ 1.4 ሜትር ሲያጠብቡት ያው ብርሃን ግማሽ በሆነ ስፋት ላይ ስለሚያርፍ የሲኒማው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ይህን ሞክሬ፣ የኮንዶሚኒየሙ ክሬም ቀለም ምስሉን ወደ ቢጫ ስለሚወስደው በደንብ የተተኮሰ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ወጥሬ ስመለከት፣ የፊት ገጽታና የልብስ ቀለም ያለ ድካም የሚታይ ሆኖ አገኘሁት። አቡጀዲው ስስ ከሆነ የተወሰነውን ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሁለት እጥፍ አድርጎ መስፋት ይሻላል። ነጋዴው በ150 ኢንች አሳይቶኝ የነበረው ምስል ለዓይን የሚገርም ቢሆንም፣ ሰው ተቀምጦ አንድ ሙሉ ፊልም የሚያይበት አልነበረም።

ቀን ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በአውሮፓ ክረምት ወራት የእንግሊዝ ቅዳሜ የመጀመሪያው ጨዋታ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። በዚያ ሰዓት መጋረጃዬን ዘግቼ ግድግዳው ላይ ስለካ፣ ፕሮጀክተሩ ሳይበራ እንኳ 110 ሉክስ ነበር። ይህም ማለት ክፍሉ ውስጥ የገባው የቀን ብርሃን ፕሮጀክተሩ ከሚያወጣው ነጭ ይበልጣል፤ ጥቁር የሚባል ነገር ምስሉ ላይ የለም። ኳሷን ለማግኘት ተጫዋቾቹ ወዴት እንደሚሮጡ ማየት ነበረብኝ። ለኳስ ብሎ ይህን የሚገዛ ሰው ያዝናል።

"4ኬ" የሚለው ጽሑፍም ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ 4ኬ ማለት 3840 በ2160 ነጥቦች ያሉት ምስል ነው። ዕቃው 4ኬ ምስል ተቀብሎ አሳንሶ ያሳያል እንጂ የራሱ ነጥቦች 1280 በ720 ናቸው። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ነጥብ ጥቁር፣ አንድ ነጥብ ነጭ እየሆኑ የሚደረደሩ መስመሮች ያሉበትን ባለ 1920 በ1080 ምስል ከላፕቶፕ ላክሁለት፤ መስመሮቹ ጠፍተው ወጥ ግራጫ ሆኑ። ለፊልም 720 በራሱ ክፉ አይደለም። ጉዳቱ የሚታየው ፊደላችን ላይ ነው። የግርጌ ጽሑፍና በዜና ሰዓት ከታች የሚሮጠው መስመር ላይ "ሊ" ን ከ"ሌ" የሚለየው እግሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት፤ "ሰ" እና "ስ" የሚለዩትም በአንዲት ስብራት ነው። እነዚህ ቅጥያዎች እዚህ ፕሮጀክተር ላይ፣ በተለይ ወደ ማዕዘኖቹ ሲጠጉ፣ ይደበዝዛሉ። እናቴ የዜናውን መስመር እያነበበች ሁለት ጊዜ ቆም ብላ "ይኼ ምን ይላል?" ስትለኝ ልብ ብዬ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ለእኔም አልነበብ አለኝ። በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎች አንባቢዎች ለእነሱ የተጻፈ ግምገማ ሲያነቡ ይህን ችግር አያገኙትም፤ እኛ ግን ከውጭ የተተረጎመ ግምገማ አንብበን ስንገዛ የምናጣው እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

ሌላው ከውጭ ግምገማ የማይገኘው ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ የታወቁ አምራቾች በዚህ ምክንያት ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚጠቀሙ ሰዎች ማራገቢያውን የሚያፈጥን ማስተካከያ ምናሌው ውስጥ ያስቀምጣሉ። እዚህ ዕቃ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። ማራገቢያው ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል፤ እናቴ በሦስተኛው ምሽት "ልጄ፣ ይኼ ወፍጮ መቼ ነው የሚያባራው?" አለችኝ። እንዲያም ሆኖ ሙቀቱን አልቻለውም። ከ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ መሐሉን ደግሜ ስለካው 98 የነበረው 81 ሉክስ ሆኖ ነበር፤ መሣሪያው ራሱን ከሙቀት ለማዳን ብርሃኑን ቀንሶ ነው። ግድግዳ ጥግ ወይም መደርደሪያ ውስጥ ከማስቀመጥ ይልቅ በዙሪያው አየር እንዲያገኝ ክፍት ጠረጴዛ ላይ ማኖር ሁኔታውን በመጠኑ ያሻሽለዋል።

ድምፁ ለአንድ ሰው መኝታ ቤት ይበቃል፣ ለሳሎን አይበቃም። በብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ሳገናኘው ድምፁ ከከንፈር ወደ ኋላ ቀረ። (ይህን መፈተሽ የሚፈልግ ሰው ቃና ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በለመድነው ዓይነት ወደ አማርኛ በተመለሰ ድራማ ባይሞክር እመክራለሁ፤ እዚያ ከንፈሩ ቀድሞውኑ ሌላ ቋንቋ ነው። ዜና አንባቢ ይሻላል።) በሽቦ ሲገናኝ መዘግየቱ ጠፍቷል። ኔትፍሊክስን በተመለከተ፣ የተጫነው አንድሮይድ የቅጂ ጥበቃው ዝቅተኛ ደረጃ ብቻ ስላለው ምስሉ ከ480 መስመር አያልፍም፤ የተሻለ የሚፈልግ ፈቃድ ያለው ቲቪ ቦክስ በኤችዲኤምአይ ማገናኘት አለበት። ዩቲዩብ ያለ ችግር ይሠራል።

መብራትን በሚመለከት የምሰጠው ምስክርነት ግን ጥሩ ነው። በፈተናው ጊዜ ሦስት ጊዜ መብራት ጠፍቶብኛል። የድሮዎቹ ባለ ትልቅ አምፖል ፕሮጀክተሮች ማራገቢያቸው በድንገት ሲቆም የጋለው አምፖል ይጎዳ ነበር፤ ይህ ኤልኢዲ ስለሆነ ያን ያህል አያሰጋም፤ ሦስቱንም ጊዜ በደህና ተነሥቷል። የሚስበው 68 ዋት ስለሆነ ለላፕቶፕ የሚሆን ኢንቨርተር ያለው ቤተሰብ መብራት በሌለበት ምሽት ልጆቹን ፊልም ሊያሳይበት ይችላል። በቀጥታ ግድግዳ ላይ ከመሰካት በስታቢላይዘር በኩል ማድረጉ ግን አይቅር፤ እኛ ሰፈር መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል እኩል አይደለም።

ስለዚህ ለጠየቁኝ ሁሉ መልሴ ይህ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ማያ ብቻ የሚኖር ከሆነ፣ በዚህ ገንዘብ ላይ ጥቂት ጨምሮ 32 ኢንች ቴሌቪዥን መግዛት ይሻላል፤ ቀን ይታያል፣ ፊደሉ ይነበባል፣ አይጮህም። ቴሌቪዥን ያለው፣ ማታ ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ማየት የሚወድና ምስሉን ከ65 ኢንች በላይ ለማስፋት የማይጓጓ ሰው ግን ሊደሰትበት ይችላል፤ ዋጋው ከ16,500 ብር በታች ቢሆን ኖሮ ይህን በበለጠ ድፍረት እናገር ነበር።

ፈትሼ የጨረስኩትን ዕቃ መሸጥ የሥራዬ አካል ነው፤ አለዚያ ለሚቀጥለው መግዣ አይኖረኝም። ይህኛውን ሊያይ የመጣው ስድስት ኪሎ የሚማር ወጣት ነበር፤ ከጓደኛው ጋር የተከራየው ክፍል መስኮቱ አንድ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ሣጥኑን አገላብጦ "እዚህ ላይ ዘጠኝ ሺህ ይላል አይደል?" አለኝ። መጋረጃውን ዘግቼ ምስሉን በሁለቱም መጠን አሳየሁት፤ ዘጠኙን ልኬት የጻፍኩበትን ወረቀትም አብሬ ሰጠሁት። 11,000 ብር ተስማማን። ወረቀቱን አጥፎ፣ ከርቀት መቆጣጠሪያው ጋር ሣጥኑ ውስጥ አስገባውና ይዞት ሄደ።