ሃርድ ዲስኬ ከ8 ወር በኋላ፦ ፋይሉን መለሰ፣ ቁልፉን ጥሎ መጣ

ይህን ባለ 2 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ጅማ መርካቶ ከገዛሁት 8 ወር ሆነኝ። የባክአፕ ፕሮግራም አብሮት መጥቷል፣ ለእሱም ጨምሬ ነው የከፈልኩት። የምሠራው አንድ ቡና ነጋዴ ቢሮ፣ ሒሳብ ክፍል ነው። ፍጥነቱ ምንም አይልም። መብራት ሲቆራረጥም ችሎታል። ባለፈው ወር ግን ጉድ ሠራኝ።

የቢሮው ኮምፒውተር ዲስክ ተቃጠለ። አዲስ ተገዛ፣ ዊንዶውስ ተጫነ፣ ለሁላችንም በየስማችን አካውንት ተከፈተ፣ እኔም ፋይሉን የሚመልሰውን ሪስቶር የሚለውን ተጭኜ ቡናዬን ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ አንድም ፋይል አልጎደለም። ደስታዬን አትጠይቁኝ። በማግስቱ ጠዋት ሚዛን የሚመዘግበው ልጅ መጣና «ጋሼ፣ የዘበኛው ደመወዝ ከኔ በ400 ብር የሚበልጠው ለምንድነው?» አይለኝም!

የደመወዙን ፎልደር ድሮ ከእኔና ከሥራ አስኪያጁ በቀር ማንም አይከፍተውም ነበር።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኪቶ ፉርዲሳ የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው ያስረዳኝ። ዲስኩ የመጣው ኤክስፋት በሚባል ፎርማት፣ ማለትም የፋይል አደራደር ዘዴ ነው። ኤክስፋት ደግሞ «ይህን እገሌ ይክፈት፣ እገሌ አይክፈት» የሚለውን ፐርሚሽን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ፋይሉ ሲመለስ ያረፈበትን ፎልደር ፐርሚሽን ይወርሳል። የእኛ ዲ ድራይቭ ለሁሉም ክፍት ነበር፣ ደመወዙም አብሮ ተከፈተ።

ሻጩ ቢሰማኝ «ፋይልህን ይመልሳል አልኩህ፣ አልመለሰም?» ይለኛል። መልሷል ወንድሜ። ታዲያ ካርቶኑ ላይ «ሙሉ ባክአፕ» የሚለው ምን ሊሠራ ተጻፈ?

ከዚያ ዲስኩን ፐርሚሽን በሚያስቀምጠው በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አደረግነው። ኮፒውንም ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ሮቦኮፒ በሚባል የኮፒ ማድረጊያ፣ ፐርሚሽኑንም ጭምር እንዲወስድ አዘን ሠራን። ልሞክረው ብዬ ቤት ላፕቶፔ ላይ ብመልሰው ደግሞ እኔኑ ከለከለኝ! ስሜ ያው ነው። ለካ ዊንዶውስ የሚያውቀን በስም አይደለም፣ ለየአካውንቱ በሚሰጠው በኤስ-1-5-21 በሚጀምር ረጅም ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ ሲቀየር ስሙ ቢመሳሰልም ቁጥሩ ሌላ ነው። በአድሚን ገብቼ፣ ባለቤትነቱን ወስጄ፣ ፈቃዱን እንደገና እስክሰጥ ግማሽ ቀን በላብኝ። በዚህኛው ግን አልተናደድኩም፣ ቢዘጋብኝ ይሻለኛል።

ዲስኩን አልሸጠውም። ያለ ፕሮግራሙ ብገዛው ግን ገንዘቤ ይተርፍ ነበር። የ400 ብሩ ጥያቄም እስካሁን መልስ አላገኘም፣ ልጁ በየጠዋቱ ያስታውሰኛል።