ከፀሐይ የሚጋርድ የልጅ ልብስ፦ በደብረ ብርሃን አንድ ልብስ ሰፊ የሠራልን

ልጄ ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የሚባል፣ እምብዛም የማይታይ፣ በዘር የሚተላለፍ የቆዳ ሕመም አለባት። ገና በሕፃንነቷ ጥቂት ሰዓት ደጅ ከዋለች ፊቷ ቀልቶ ውሃ ይቋጥር ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ «ምች ነው» እያለ ዳማ ከሴ አሽቶላታል። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስንደርስ የተነገረን ሌላ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የማንኛችንንም የቆዳ ሕዋስ ዲኤንኤ ይጎዳል፤ ጤነኛ ሕዋስ የተጎዳውን ቆርጦ አውጥቶ ይጠግነዋል፣ የእርሷ ግን አይችልም፤ ጉዳቱ በተጠራቀመ ቁጥር የቆዳ ካንሰር በልጅነት ሊመጣ ይችላል። የጥገናውን ጉድለት ጄምስ ክሊቨር የተባለ ተመራማሪ ያሳየው በ1968 (እ.ኤ.አ.) ነው። ፈዋሽ መድኃኒት ስለሌለው ሥራው ሁሉ ጨረሩን መከላከል ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ብርዱ ስለሚያዘናጋ ይህን ልብ የሚል ጥቂት ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም እንቀባታለን፤ ነገር ግን በየሁለት ሰዓቱ መደገም ስላለበት፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ የያዘችን መምህርት በዚህ ማስቸገር አልወደድኩም። ስለዚህ ገበያው አጠገብ ወዳለ አንድ ልብስ ሰፊ ሄጄ ቆብ ያለው ረጅም ካፖርት፣ ጓንትና ፊት የሚሸፍን ባርኔጣ አዘዝኩ።

ሰውየው ሥራውን ያውቃል። ያመጣሁትን ነጭ ጥጥ ወደ አምፖሉ አንሥቶ በጣቶቹ ወጠረውና «ብርሃን ካሳለፈማ ለእርሷ አይሆንም፣ እመቤት» ብሎ መለሰልኝ፤ በምትኩ ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ መረጠ፣ ትከሻውንም ደረበው። ጥጥ ሲረጥብ ይበልጥ ጨረር እንደሚያሳልፍ ሐኪሙ ነግሮኝ ስለነበር፣ መደረቡ ለክረምቱ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። ዋጋውም ከአንድ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ብዙም አልበለጠም።

ቅሬታዬ ባርኔጣው ላይ ነው። ከፊቱ የሰፋበት ስስ ሚካ ጥርት ያለ ቢሆንም፣ ዘመድ ባመጣልን ትንሽ የጨረር መለኪያ ስንፈትነው ጨረሩን ያሳልፍ ነበር፤ በወፍራም ለውጦልን መለኪያው ዜሮ አነበበ፣ ነገር ግን በማለዳው ውርጭ ትንፋሿ ሚካውን ስለሚያደምነው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ እጇን ይዤ መሄድ ግድ ሆኖብኛል። ከዚያ በላይ ያስከፋኝ «ነገ ነይ» እየተባልኩ ሁለት ሳምንት መመላለሴ ነው፤ ለሌላ ደንበኛ ይህ ተራ መዘግየት ይሆናል፣ እኛ ግን ልጅቷን ሁለቱን ሳምንት ከቤት አዋልናት።

ቤትም ቢሆን የመስኮት መስታወት ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር ቢያስቀር ሌላውን በብዛት ያስገባል። ለዚያ ከሱቅ መጋረጃ ይልቅ አማቴ ከመንዝ የላከችው የበግ ጠጉር ባና በልጦብኛል፤ ቤቱን ማጨለሙን ግን አልክድም። ፀሐይ ስለማታገኝም ቫይታሚን ዲ በሐኪም ትእዛዝ ትወስዳለች።

በልብሱ ከሁሉ የወደድኩት እጅጌው ጫፍ ላይ ታጥፎ የተሰፋው ሦስት ጣት የሚያህል ትርፍ ነው። ባለፈው ሳምንት አንጓዋ ብቅ ማለት ሲጀምር ወስጄለት፣ ቆሜ ሳለሁ ፈትቶ አስረዘመልኝ፤ ገንዘብም አልተቀበለኝም።