ካርቦን ፋይበር ልታስለጥፉ ያሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን ያዝ አድርጉ

በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን ብዙ ሰው የቤቱን ስንጥቅ መቁጠር ጀመረ። እኛም የእናቴ ጂ+2 ቤት ሁለት ቢሞች (ወለሉን የሚሸከሙ አግድም የኮንክሪት ምሰሶዎች) ላይ ስንጥቅ አየን። አንድ ድርጅት መጥቶ «በካርቦን ፋይበር እናጠነክረዋለን» አለን፤ ኮንክሪት ላይ በሙጫ የሚለጠፍ ጥቁር ጨርቅ ነው። 70 በመቶውን ቀድመን ከፈልን። በሁለት ቀን ጨርሰው ሄዱ። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴ የጥቁሩ ጨርቅ ጫፍ ተገልጦ አየች። በጣቴ ሳብ ሳደርገው እንደ አሮጌ ፖስተር ተላቀቀ። ጀርባው ላይ ክሬም ቀለምና ልስን ተጣብቆበታል። ልስኑን ሳያነሱ፣ ቀለሙ ላይ ነው የለጠፉት!

ጨርቁ ራሱ በጣም ጠንካራ ነው። ሲጎተት ከፌሮ ይበልጣል። ግን በደንብ የተሠራው እንኳ ሲላቀቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው ከሙጫው ሥር ያለው ስስ የኮንክሪት ቆዳ ነው። የምትከፍሉት ለዚያ ቆዳ ዝግጅት ነው ማለት ይቻላል። «ረጅም አድርገን ለጥፈናል» ቢሏችሁም አትዘናጉ። ጉልበቱን የሚይዘው ብዙ ጊዜ አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ነው፤ ከዚያ በላይ ቢረዝም መያዣው እምብዛም አይጨምርም።

ሻጩ «መንቀጥቀጥ ሲመጣ እንዲያውም ይበልጥ ይይዛል» ብሎን ነበር። መነሻው እውነት ነው። ኮንክሪት በድንገት ሲጎተት፣ ቀስ ተብሎ ከሚጎተተው የተሻለ ይቋቋማል፤ የተለጠፈበትም አብሮ ይበረታል። ይህ ግን ጤናማ ኮንክሪት ላይ ለተለጠፈ ነው። ልስን ኮንክሪት አይደለም። መላቀቅ ከጀመረ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፣ በአንዴ ነው የሚሄደው። እናቴ ከዚያ ቢም ሥር ነው የምትተኛው።

ስለዚህ ልስኑ ተነስቶ ኮንክሪቱ በግራይንደር ሲፋቅ እዚያው ቆማችሁ እዩ። አቧራው በደንብ ይጠረግ። ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) በጨርቁ የሚጠቀለል ከሆነ ሹል ጠርዙ ቢያንስ በ13 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ይክበብ። ስንጥቁ ከፌሮ ዝገት የመጣ ከሆነ ዝገቱ ይቅደም፤ ጨርቅ ዝገት አያድንም። ከሁሉም በላይ የመንቀል ሙከራ ጠይቁ። ትንሽ ክብ ብረት ይለጠፍና በመሣሪያ ተጎትቶ ይነቀላል። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ ቢያንስ 1.4 ሜጋፓስካል የመያዝ ጥንካሬ ይጠይቃል፤ የሚቀደደውም ኮንክሪቱ መሆን አለበት። ሙጫው ከለቀቀ አትረከቡ።

ሲደርቅ በሳንቲም አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ አየር አለ። የእኛ ቢም ግማሹ እንደ ከበሮ ነበር የሚጮኸው።

ቀሪውን 30 በመቶ አልከፈልንም። እነሱ «ዋስትና አለው» ይሉናል። ወረቀቱን ቁጭ ብለን ስናነበው ዋስትናው የጨርቁ ብቻ ነው፣ የማጣበቁ ሥራ የለበትም። ከመፈረማችሁ በፊት ያቺን መስመር ፈልጓት።