«መጠጡ በነፃ ነው» ካሏችሁ፦ የክሩዝ የመጠጥ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ግሮሰሪ አለኝ። አስራ ምናምን ዓመት ቢራና ጂን ሸጫለሁ። ከአንድ ሳጥን ስንት እንደሚተርፍ፣ አንድ ጠርሙስ ጂን ስንት መለኪያ እንደሚወጣው በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ማን በዱቤ ጠጥቶ እንደሚጠፋ፣ ማን ሦስተኛው ላይ ጠብ እንደሚያምረው ከፊቱ አነባለሁ። በመጠጥ ሂሳብ የሚሸውደኝ ሰው ገና አልተወለደም እያልኩ ስኮራ ነበር።

ተወልዷል። እንዲያውም የአገሬ ልጅ ነው።

ልጄ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ክረምት እኔንና እናቷን ጠርታን ሄድን። «አባዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ባህር እዩ» አለችና ከባልቲሞር ተነስቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ የ7 ሌሊት ክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ አስያዘችልን። የወንድሜ ልጅም አስተርጓሚ ሆኖ አብሮን እንዲሄድ ተደረገ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው ይባላል። እኔ ሃምሳ ምናምን ዓመቴን እዚያ ላይ ኖሬ ባህር ጠለሉ ራሱ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። የእኛ አገር ትልቅ ውሃ ጀማ ወንዝ ነው፤ እሱንም ከገደሉ አፋፍ ሆነን ነው የምናየው።

ትኬቱን የሸጠላት እዚያው በጉዞ ወኪልነት የሚሠራ የኛ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጸቤ ከሰውየው ሳይሆን ከሂሳቡ ጋር ነው። ትኬቱን ቆርጦ ሲጨርስ አንድ ነገር ጣል አደረገ። «ለአባባ የመጠጥ ፓኬጅ እንጨምርላቸው። በቀን 70 ዶላር ብቻ። ከዚያ በኋላ ያሻቸውን ይጠጡ፣ ሁሉም ነፃ ነው።» ልጄ አባቷ ቢራ እንደሚወድ ታውቃለች። እሺ አለች።

አሁን ያልነገራትን ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ በአንድ ካቢን (የመርከቡ መኝታ ክፍል) ውስጥ ካሉት አዋቂዎች አንዱ የአልኮል ፓኬጅ ከገዛ ሌሎቹም መግዛት አለባቸው። ይህ የዚያ መርከብ ብቻ ሕግ አይደለም፣ ብዙዎቹ ትልልቅ የክሩዝ ኩባንያዎች የሚሠሩበት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አንዱ ገዝቶ ሁለቱ እንዳይጠጡ። እንደ ባለ ግሮሰሪ አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን የማደርገው ነው። ግን ባለቤቴ በሕይወቷ ከጠላ ያለፈ ቀምሳ አታውቅም። ጠላውንም ቢሆን የሚካኤል ማህበር ላይ ለወጉ ያህል ነው። በዚያ ላይ ጉዞው የተያዘው በነሐሴ፣ ፍልሰታ ላይ ነበር! እሷ ሽሮና ቅጠላ ቅጠል በምትበላበት በጾም ሳምንት በስሟ የኮክቴል ፓኬጅ ተገዛላት። የወንድሜ ልጅ ከዚህ ያመለጠው 21 ዓመት ስላልሞላው ነው።

ሁለተኛው፣ 70 ዶላሩ 70 ዶላር አይደለም። 18 በመቶ የአገልግሎት ቲፕ ይታከልበታል። 82 ዶላር ከ60 ሳንቲም ሆነ። ለሁለት ሰው በቀን 165 ከ20። በ7 ሌሊት ተባዝቶ 1,156 ዶላር ከ40 ሳንቲም። በባንክ ምንዛሪ ከ150 ሺህ ብር በላይ ነው። በዚህ ብር እኔ ጋ ስንት ሳጥን ቢራ እንደሚወርድ ማሰቡን ትቼዋለሁ፤ ያመኛል።

እና መርከቡ ገና ወደቡን ሳይለቅ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። እንደ ልማዴ። አንድ ጠርሙስ ቢራ መርከቡ ላይ 9 ዶላር ነው፣ ከቲፑ ጋር 10 ከ62። ባለቤቴ ስለማትጠጣ የሁለታችንንም ብር የምመልሰው እኔ ነኝ። 165 ከ20ን ለ10 ከ62 አካፈልኩት። 15 ተኩል አለፍ ይላል። በየቀኑ፣ ለ7 ቀን፣ በቀን 16 ቢራ ብጠጣ ነው የማልከስረው።

«እሺ ከመጣም ይምጣ» አልኩ በቀልድ። የወንድሜ ልጅ ደንቡን ስልኩ ላይ እያነበበ ነበርና ሳቀ። «አጎቴ፣ አይሆንም። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ15 የአልኮል መጠጥ በላይ አይሰጡህም።»

ይህቺን ልብ በሉልኝ። በቢራ ኩባንያውን የማከስርበት አንድ እንኳ ክፍተት እንዳይኖር ተደርጎ የተሠራ ሂሳብ ነው። ጉበቴን ሸጬ ቢራ ብጠጣ እንኳ ብሬን አልመልስም። እኔ ግሮሰሪ ውስጥ እንዲህ ያለ «ግብዣ» ባወጣ የጠባሴ ሰፈር ልጆች በሩን ይነቅሉት ነበር።

ሌላም አለ። ፓኬጁ የሚሸፍነው እስከ 14 ዶላር የሚደርስ ብርጭቆ ነው። ደህና ውስኪ ስትጠይቁ ልዩነቱ ካርዳችሁ ላይ ይጻፋል። መርከብ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም። የካቢኑ ቁልፍ የሆነው ካርድ ነው የሚከፍለው፣ ካርዱ ደግሞ ከልጃችሁ ክሬዲት ካርድ ጋር ተያይዟል። እናንተ ትፈርማላችሁ፣ ልጃችሁ ሜሪላንድ ሆና ስልኳ ላይ ሲቆረጥ ታያለች። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው።

በአንድ ጊዜ የሚሰጠውም አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ከደሴ የሆነ፣ ዳላስ የሚኖር ሰው ተዋወቅሁ። አገር ሰው ባህር መሃል ስታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ትጋብዛላችሁ። «በሞቴ» አልኩት። ሁለት ቢራ አዘዝኩ። ባሬስታዋ አንዱን ሰጥታኝ ሌላውን አልሰጥም አለች። እሺ ብዬ የእኔን ገፋ አደረግሁለት። አየችኝና በጣቷ እንዲህ እንዲህ አደረገች። ፓኬጅ የሌለውን ሰው ማጠጣት ክልክል ነው፤ ከተደገመ ፓኬጁ ይሰረዛል፣ ብሩም አይመለስም። ሀበሻ ሆኖ ሰው ሳይጋብዙ መጠጣት! የዳላሱ ሰው የራሱን ገዝቶ እኔ የራሴን ይዤ እንደተጣላ ሰው ጎን ለጎን ጠጣን።

የአረቄዬን ነገርማ ባልናገር ይሻል ነበር። ከመንዝ የመጣ ዳግም ነበር፣ በሃይላንድ። ለልጄ ባል ብዬ ከአገር ይዤው ወጥቼ ሁለት አየር ማረፊያ በሰላም አልፏል። ግማሹ ተርፎ ስለነበር «ባህር ላይ ሆዴን ቢያመኝ» ብዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ወደ መርከቡ የሚገባ ሻንጣ ሁሉ በማሽን ይታያል። ጠባቂው ሃይላንዱን አወጣ፣ ከፈተ፣ አሸተተ። አንገቱ ወደ ኋላ ሲሄድ አየሁት። የወንድሜ ልጅ «ባህላዊ ነው» ሲል ተረጎመለት። ምንም አልረዳንም። ሊጣል ሄደ። ለካ ሰዎች በውሃ ፕላስቲክና በአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ቮድካ እየደበቁ ስለሚያስገቡ፣ የውሃ ፕላስቲክ ሲያዩ ቀድመው የሚጠረጥሩት እሱን ነው።

የሚያናድደው ግን የተፈቀደውን ማንም አለመንገሩ ነው። ብዙ መርከቦች ላይ አንድ አዋቂ በመጀመሪያው ቀን 750 ሚሊ ሊትር የሆነ አንድ የታሸገ ወይን በእጁ ይዞ መግባት ይችላል። ሁለታችን ሁለት ጠርሙስ ማለት ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ካስከፈታችሁት መክፈቻ ያስከፍላሉ፣ ካቢናችሁ ውስጥ ከጠጣችሁት ግን ብዙ ጊዜ ምንም። ሃርድ መጠጥ ግን በየትኛውም መንገድ አይገባም። የባሃማስ ዋና ከተማ ናሳው ላይ ወርዳችሁ ሩም ብትገዙም መግቢያው ላይ ተቀብለው ደረሰኝ ይሰጧችኋል፤ ጠርሙሱን የምታገኙት ጉዞው ሲያልቅ ነው።

ዕድሜም አለ። የወንድሜ ልጅ 20 ዓመቱ ነው። ወኪሉ «መርከብ ላይ ችግር የለም» ብሎት ነበር። ውሸት ነው። ከአሜሪካ ወደብ በሚነሱት ላይ 21 ያልሞላው አይጠጣም። ከአውሮፓ በሚነሱት ላይ አብዛኛውን ጊዜ 18 ነው። ለነገሩ እኛም ጋ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። እኔ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ስንቱ ግሮሰሪ እንደሚያከብረው ግን አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃቴ ልምጣ። ብሩስ ብር ነው።

እኔ ቤት ሰው ሰክሮ ሲረብሽ በትከሻው ይዤ አወጣዋለሁ። በማግስቱ «ጋሼ ይቅርታ» ብሎ ይመጣል፣ ያለፈው አለፈ። መርከብ ላይ እንደዚህ የለም። በየጥጉ ካሜራ አለ፣ ጠባቂ አለ። መጀመሪያ መጠጥ ይከለክሏችኋል። ነገሩ ከከፋ ካቢን ውስጥ ያስቀምጧችኋል። ከዚያም ካፒቴኑ መርከቡ በሚቆምበት በቀጣዩ ወደብ ላይ ሊያወርዳችሁ ይችላል። የቀረው ጉዞ ብር አይመለስም፣ ወደ ቤት የምትመለሱበት የአውሮፕላን ትኬትም በራሳችሁ ነው። ትኬቱ ሲቆረጥ ማንም ሳያነበው «እስማማለሁ» የሚለው ውል ውስጥ ተጽፏል። 500 ዶላር ቅጣት የሚጥል፣ ዳግመኛ በመርከቦቹ እንዳትሳፈሩ የሚያግድም ኩባንያ አለ። ከዚህ ያለፈው ደግሞ ወንጀል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በወጣ ሕግ፣ ከአሜሪካ ወደብ በሚነሱ መርከቦች ላይ የሚፈጸም ከባድ ወንጀል ለኤፍቢአይ ይነገራል።

በአራተኛው ሌሊት ዳንስ ቤቱ ውስጥ ጎረምሶች ተጣሉ። አንዱ ብርጭቆ ወረወረ። ጠዋት ናሳው ስንደርስ ያንን ልጅ አየሁት። በሁለት ጠባቂ መሃል ሻንጣውን እየጎተተ ይወርዳል። ትናንት ማታ ጠረጴዛ ላይ የጨፈረው ልጅ ቀና ብሎ ሰው ማየት አልቻለም። እሱ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዟል፣ በዚያው ቀን ይበራል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ በጎብኚ ቪዛ፣ ቋንቋ ሳትችሉ እዚያ ወደብ ላይ መቅረትን ግን አስቡት። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ዛሬ ቢራ የሚባል ነገር አትነካም» አለች። አልነካሁም። በ82 ዶላር ከ60 ሳንቲም ውሃ ጠጣሁ።

እና ፓኬጁ ራሱ ነው ሰውን የሚያሰክረው። ከፍያለሁ ብሎ የሚጠጣ ሰው ተጠምቶ ከሚጠጣው የባሰ ነው። ሰርግ ላይ አይታችሁታል። እዚያ በጠዋቱ አምስተኛውን የሚያዝዝ ሰው ፊት ላይ ደስታ አላየሁም፣ ሂሳብ ነው ያየሁት። ወድቆ እግሩን ቢሰብር የመርከቡ ክሊኒክ ያስከፍላል፤ ብዙ የጉዞ መድን ደግሞ በስካር ለመጣ ጉዳት አይከፍልም።

በመጨረሻ ደረሰኜን ቆጠርኩ። በ7 ቀን 23 ቢራ፣ 4 ውስኪ። በነጠላ ብገዛው 300 ዶላር አካባቢ ነበር። 1,156 ተከፍሏል። ባለቤቴ የጠጣችው ሻይ፣ ውሃና የቁርስ ጭማቂ ነው። ሦስቱም ያለ ምንም ፓኬጅ ለሁሉም ተሳፋሪ ነፃ ናቸው። ለእሷ የተከፈለው 578 ዶላር ከ20 ለባዶ ብርጭቆ ነው።

ልጄ ለወኪሉ ደወለችለት። «እኔ የመሰለኝ ያውቁታል ብዬ ነው» አላት። ሁለተኛ ስትደውል አላነሳም።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ክሩዝ ሊወስዷችሁ ከሆነ፣ ሂዱ። ባህሩ ያምራል፣ ምግቡም አያልቅም። መጠጡን ግን በነጠላ ግዙ። የግድ ፓኬጅ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ልጃችሁ ኩባንያው ጋ ራሷ ደውላ ትጠይቅ፣ በወኪል በኩል ሳይሆን። «አብሮኝ ያለው አይጠጣም፣ ለስላሳው ፓኬጅ ይበቃዋል?» ትበል። አንዳንዶቹ ሲጠየቁ ይፈቅዳሉ። ሳይጠየቁ ግን አይናገሩም። ሙሉ ዋጋውን ከነቲፑ በጽሑፍ ያዙ። ለአንድ ቀን ብቻ ልግዛ ብትሉ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም፣ የሚሸጠው ለሙሉ ጉዞው ነው።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ ድራፍቱን ይዞ «ልጄ ከካናዳ ክሩዝ ልትወስደን ነው፣ መጠጡም ነፃ ነው አሉ» ብሎ ስላበሰረኝ ነው። ሚስቱ ጴንጤ ናት፣ ጠላ እንኳ አትቀምስም። ወረቀት አወጣሁና ሂሳቡን ሠራሁለት። ድራፍቱን አስቀምጦ እዚያው ቆሞ ለልጁ ደወለ። መርከቡ ገና ስላልተነሳ ፓኬጁ ተሰርዞ ብሩ ተመልሶላታል። ትናንት መጥቶ የሁለት ሰው ድራፍት አዘዘ፣ አንዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ባሬስታው ምንም አላለም።