የደንገል ምንጣፍ ወይስ ሰሌን?

ሁለቱም ወለል ላይ ይነጠፋሉ፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው።

ደንገል፦ ጣና ዳር የሚበቅለው አገዳ በእርጥቡ ታጭዶ ይደርቃል፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ በገመድ ይሰፋል።
ሰሌን፦ የዘንባባ ቅጠል ይሰነጠቃል፣ በውሃ ይለሰልሳል፣ ረጅም ጥብጣብ ሆኖ ይጎነጎናል፤ ከዚያ ጥብጣቦቹ ጠርዝ ለጠርዝ ይሰፋሉ።

ምቾት ላይ ደንገል ይበልጣል። የአገዳው ውስጥ አየር የያዘ ስለሆነ የወለሉን ቅዝቃዜ ይከላከላል። ሰሌን ስስ ነው፤ ለመተኛት ከሆነ ከላዩ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

የደንገል ጠላት እርጥበት ነው። ያ አየር የያዘ ውስጡ ውሃም ይመጥጣል፤ የደንገል ታንኳ ከሐይቅ ሲወጣ ዳር ላይ ቆሞ የሚደርቀው ለዚህ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የከረመ ምንጣፍ ከሥሩ ይሻግታል። ሰሌን በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ቶሎ ይደርቃል።

አቀማመጥ፦ ደንገል ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም፣ አገዳው ይሰበራል። ሰሌን ይታጠፋል፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ካጠፉት ግን እዚያው ይቆረጣል።

ሲገዙ የደንገሉን አገዳ በጣት ጫን ያድርጉት። በደንብ ሳይደርቅ የተሰፋ ከሆነ ቤት ከገባ በኋላ ይኮማተርና በየመካከሉ ይከፈታል። ሰሌኑን ወደ ብርሃን አንስተው ስፌቱን ይዩ።

ዋጋው እንደ ቦታው ነው፤ ደንገል ግዙፍ በመሆኑ ከሐይቁ በራቀ ቁጥር የማጓጓዣው ወጪ ይከብዳል።

ደረቅና ቀዝቃዛ ክፍል ላለው፣ አንዴ አንጥፎ ለሚተወው ደንገል ይስማማል። እህል ለማስጣት፣ በየጊዜው ለሚነሳና ለሚዘረጋ ሥራ ሰሌን ይመረጣል።