የመኪናዬን የዓይን ሞራ ለገፈፈልኝ ልጅ

ሰላም የሰፈር ሰዎች፣ ሰላም ባለመኪናዎች። ዛሬ የምጽፈው ምስጋና ነው። በባለሙያ ስንማረር ቶሎ እንጽፋለን፣ ጥሩ የሠራልንን ግን ከፍለን ዝም ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ይህን ልጅ ግን ዝም ብዬ ባልፈው ደስ አይለኝም።

ጉዳዩ የመኪናዬ የፊት መብራት ነው። በፈረንጆቹ 2004 የተሠራች ቪትዝ አለችኝ። ስገዛት መብራቷ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነበር። እያደር ቢጫ ሆነ፣ በመጨረሻ እርጎ የተቀባ መሰለ። ከፊት ለፊት ስታይዋት ሞራ የጋረዳት አሮጊት ነበር የምትመስለው። ደግሞ ዓይን ቀስ በቀስ ሲደክም ለባለቤቱ አይታወቀውም አይደል? እኔም ለምጄው ነበር።

የነቃሁት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ለቅሶ ደርሼ ከደብረ ብርሃን ስመለስ መሸብኝ። ሸኖን እንዳለፍኩ ዝናብ ጀመረ። አስፋልቱ ጥቁር፣ ሰማዩ ጥቁር፣ የኔ መብራት ደግሞ መንገዱን ትቶ ወደላይም ወደጎንም ይበተናል፤ ከፊት የሚመጡት ሁሉ ረጅሙን ያበራሁባቸው እየመሰላቸው ያብለጨልጩብኛል፣ እኔ ግን አጭሩን ነው ያበራሁት። ድንገት የጋሪ ጎማ ፊቴ ድቅን አለ። ጋሪው መብራት የለው፣ አንጸባራቂ የለው፣ ባለጋሪው ጥቁር ላስቲክ ለብሷል። ፍሬን ይዤ ስቆም መሀላችን የቀረው አንድ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። ዳር ይዤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ቆየሁ። ሰውየው ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም፣ መንገዱን ቀጠለ።

በማግስቱ የእህቴ ልጅ በጥርስ ሳሙና እንፈግፍገው አለኝ። ፈገፈግነው። እውነት ለመናገር ለወጥ ብሎ ነበር፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ደቃቅ የሚሞርድ ነገር ስላለ የላይ የላዩን ያነሳዋል። ሦስት ሳምንት አልቆየም እንጂ። ከዚያ መኪና የማሳጥብበት ቦታ አንዱ «እኔ አለሁልሽ» ብሎ ጨርቅ ምን እንደሆነ የማላውቀው ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ወለወለው። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ዓይኔ እያየ መስታወት ሆነ። ከፈልኩ፣ መረቅኩ፣ ሄድኩ። በአራተኛው ቀን ከበፊቱ ብሶ አገኘሁት፤ ጭራሽ ግራው ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ስንጥቆች ጀምረዋል። በኋላ እንደተረዳሁት ቤንዚንና ቲነር እንዲህ ዓይነቱን ፕላስቲክ ለጊዜው አብርተው ይጎዱታል። ማንም «አለሁልሽ» ብሎ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ እጁን ያዙት።

አዲስ ልግዛ ብዬ ተክለሃይማኖት አካባቢ መለዋወጫ ቤቶች ጠየቅሁ። የኦሪጅናሉን ዋጋ ሲነግሩኝ «የሁለቱን ነው?» አልኩ። የአንዱን ነው።

ልጁን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ነች። እሁድ ጠዋት ቤት ድረስ መጣ። የጀርባ ቦርሳ፣ ድሪል፣ የወረቀት ፕላስተር፣ በቃ ይኸው ነው። ወዲያው ሥራ ይጀምራል ስል ተንበርክኮ በስልኩ መብራት ከጎን ያይ ጀመር። በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው። ከዚያ ምን አለኝ መሰላችሁ?

«እትዬ፣ የቀኙ ችግሩ ውጪው ነው፣ ይለቃል። የግራው ግን ውስጡም ላብ ይዟል። እሱን እኔ ከውጭ ፈግፍጌ አላወጣውም። ዛሬ ብሠራው ገንዘብዎን ነው የምበላው።»

ኮፋኖውን አስከፍቶ ከኋላ ሲያየው ከአምፖሉ ጀርባ መኖር ያለበት የጎማ ሽፋን የለም። አንድ ጊዜ አምፖል የቀየረልኝ ሰው ሳይመልሰው ቀርቷል፣ በዚያ ነው እርጥበቱ የገባው። ልጁ አምፖሉን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን አቧራ እንዳይገባበት በስስ ጨርቅ ሸፍኖ፣ «ፀሐይ ላይ ትዋል፣ ጎማውን ይግዙ፣ የሚመጣው እሁድ እመለሳለሁ» ብሎኝ ሄደ። ለዚያ ቀን ልክፈልህ ብለው ከታክሲ በላይ አልቀበልም አለ። እኔ እንግዲህ ያኔ ነው ልቤን የሰጠሁት።

በሳምንቱ መጣ። ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ከጀሪካን ነው የተጠቀመው። የሃይላንድ ክዳን በሚስማር ቀዳድቶ እየጨመቀ ያርከፈክፋል፤ እንደ ሻወር ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ዙሪያውን፣ ኮፋኖውንም ፓራውልቱንም በፕላስተር ሸፈነ፤ ብርጭቆ ወረቀቱ ቀለሙን እንዳይነካ። ከዚያ 800 ቁጥር ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክሮ ወደ ጎን ወደ ጎን መፈግፈግ ጀመረ። የሚወርደው ውሃ ቢጫ ነው፣ እንደ ጠላ አተላ። ሲያብሰው መብራቱ ጭራሽ እንደ ሽንት ቤት መስታወት ደፈረሰ። «ወይኔ ጉዴ!» ብዬ ጮህኩ። ሳቀብኝ። «ገና ነው እትዬ፣ አሁን ነው እድፉ የለቀቀው።»

800፣ 1000፣ 1500፣ 2000፣ መጨረሻ ላይ 3000። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ወረቀቱ እየለሰለሰ ነው የሚሄደው። አንዱን ወደ ጎን ከፈገፈገ ቀጣዩን ከላይ ወደታች ያደርገዋል፤ የበፊቱ ጭረት መጥፋቱ የሚታየው እንደዚያ ሲሆን ነው አለኝ። አንድ ቁጥር ከተዘለለ ጭረቱ እስከመጨረሻው ይከተላል። ውሃው ነጭ ሆኖ መውረድ ሲጀምር ቁጥር ይቀይራል። ከዚያ ድሪሉ ላይ ስፖንጅ ገጥሞ በፖሊሽ ወለወለው፣ አንድ ቦታ ላይ ሳይቆም፤ ፕላስቲኩ ከጋለ ይበላሻል። ለሁለቱም ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ። የብሎካችን ልጆች ከብበውት ነበር፣ አንዷ ልጅ ሃይላንዱን ተቀብላ ረዳት ሆና አረፈችው።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቹ «አለቀ» ብለው የሚሄዱት። ይኼ ልጅ ግን ፖሊሹን በአልኮል ጠርጎ፣ ፀሐይ የሚከላከል ብርሃን አሳላፊ ቀለም በስሱ ሁለት ጊዜ ነፋበት። ለምን ስለው በደንብ አስረዳኝ። መብራቱ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ጠንካራና ቀላል ነው፣ የፀሐይ ጨረር ግን አይችልም። ለዚያ ነው ከፋብሪካ ሲወጣ መከላከያ የሚቀባው። ቢጫ የሆነው እሱ ስላለቀ ነው፤ የቀረችውን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን ጨርሰናታል። ሌላ ካልተቀባ ፕላስቲኩ ራቁቱን ነው፣ በጥቂት ወር ተመልሶ ይደፈርሳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የኔዋ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ደጅ ነው የምትቆመው። ስለዚህ ማንንም ስታሠሩ «መጨረሻ ላይ ምን ትቀባበታለህ?» በሉ። «ምንም አልቀባም» ወይም «ሰም ብቻ» ካለ ዋጋውን አስቀንሱ፤ ሰም በየሁለት ሦስት ወሩ መታደስ አለበት።

የግቢያችን ባለ ዲኤክስ አዛውንት ሲያዩን ቆይተው «የኔዋ ብርጭቆ ነው፣ ከናንተ ሁሉ በፊት ተወልዳ ዛሬም ታያለች» ብለው አለፉ። እውነታቸውን ነው፣ የድሮዎቹ መብራት ብርጭቆ ስለሆነ አይደፈርስም። ድንጋይ ሲያገኘው ግን ይሰበራል፣ እሱን አልተናገሩም።

አሁን እንከኑንም ልናገር። ግራው ላይ ያ ቤንዚን ያመጣው ስንጥቅ አልጠፋም። ልጁም ከመጀመሩ በፊት «ይኼ ውስጥ ገብቷል፣ አይለቅም» ብሎኛል። አዲስ ይሆናል ብሎም አልዋሸኝም። የእህቴ ልጅ፣ ሁሉን ነገር ጎግል የሚያደርገው፣ በፈረንጆቹ 2018 ኤኤኤ የተባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር ያደረገውን ፍተሻ አምጥቶ አነበበልኝ፦ የደፈረሰ መብራት ከአዲሱ ብርሃን 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ሲታደስ ወደ 70 በመቶ ይመለሳል። ለኔ 70 ይበቃኛል። ያን ቀን ማታ ግቢው ውስጥ አብርቼ ግድግዳው ላይ ሳየው የብርሃኑ ጠርዝ በቢላ የተቆረጠ መሰለ። ድሮ እኮ ጭጋግ ነበር የሚታየኝ። ያስከፈለኝ ደግሞ የአንዱን አዲስ መብራት ዋጋ አንድ አምስተኛ አይሞላም፣ ለሁለቱም።

ሲሠራ ምንም አልደበቀኝም። ጊዜና ትዕግሥት ያለው ሰው ወረቀቶቹን ገዝቶ ራሱ ቤቱ ሊሠራው ይችላል። «አይከብድም፣ ክንድ ብቻ ነው የሚፈልገው» ነው ያለኝ። እኔ ክንዱ የለኝም።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በአዘቦት ቀን ሌላ ሥራ አለው፣ ስልኬ ይጨናነቃል ብሎ ለምኖኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄው አገናኛችኋለሁ። እሁድ እሁድ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ዝናብ ካለ አይመጣም፣ የተቀባው እስኪደርቅ ውሃ መንካት የለበትም። አንድ ጀሪካን ውሃ አዘጋጁለት። ቡናም አይጠላም፣ ስኳር ግን አይወስድም።